ለሰማንያዋ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት

ከሰል ቤቴ አስገብቼ አላውቅም። ዳንግላ ውስጥ ከሰል ሳይገዛ የሚኖር አንድ ሰው ቢፈለግ እኔ ሳልሆን አልቀርም። መብራት በጠፋ ቁጥር ጎረቤቶቼ ምድጃቸውን በር ላይ አውጥተው ሲያራግቡ እኔ ያደረ እንጀራ በአዋዜ እበላለሁ። ለምን ሲሉኝ “ራሴን ያመኛል” እላለሁ። ውሸት ነው፤ ራሴ ደህና ነው። በዘጠኝ ዓመቴ አንድ ውሸት ዋሸሁ፤ ከዚያ ወዲህ የዋሸሁት ሁሉ የዚያች ልጅና የልጅ ልጅ ነው።

ባለፈው ኅዳር የአባ ይሁኔ አርባ ነው ተብሎ ወደ አገር ቤት ሄድኩ። አባ ይሁኔ የቤታችን የንስሐ አባት ነበሩ። ሚኒባሱ እንጅባራ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ልጇን ሊያስመልሰው ነው ብላ መስኮቱን አስከፈተችና ጭሱ ገባ። መንገድ ዳር ግራር እየከሰለ ነበር። እርጥብ አፈርና የተቃጠለ ሙጫ ተቀላቅሎ የሚሸተውን ያን ሽታ ሌላ ቦታ አላገኘሁትም። ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ብይዘውም አልሆነም። ያ ክረምት እንዳለ መጣ።

የኛ ቀበሌ ከእንጅባራ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ያኔ ባጃጅ እስከ ወንዙ ይደርስና ጭቃውን አይቶ ይመለሳል። ሰዉ እርሻውን ዲከረንስ በሚሉት ግራር እየሸፈነው ነበር። ግራሩ ሲደርስ ይቆረጣል፣ ይከመራል፣ ሣርና አፈር ይለብሳል፣ ከዚያ ውስጥ ውስጡን እየጨሰ ከሰል ይሆናል። ገብስ ከሚዘሩት ከሰል የሚያከስሉት ቀድመው ቤታቸውን ቆርቆሮ አለበሱ። አባቴ ግን ግራር አልተከለም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር መተከል ወርዶ ሰው እርሻ ላይ ሰሊጥ ያርማል። ያን ክረምትም እማ ስትወልድ አጠገቧ አልነበረም።

እህቴ የተወለደችው በሐምሌ አቦ ነው። ሚጡ እንላት ነበር። ከኔ በኋላ እማ ሁለት ጊዜ ወርዶባት ስለነበር ሚጡን የምትይዛት ሰው የሚቀማት ይመስል ነበር። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እናትዬዋም እስከዚያው ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ስለዚህ እማ እሑድ እሑድ ሚጡን ታቅፋ አጥራችን ጥግ ትቆምና ደወሉ ሲደወል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ ታማትባለች። ለክርስትናዋ ነጭ ሻሽና ማተብ አስቀድማ አዘጋጅታለች። ማተቡ ከአልጋው በላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ሦስት ቀለም ያለው የክር ማተብ ነው።

“ሚጡ ክርስቲያን ናት?” ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳት።

“ገና ናት።”

“ታዲያ ምንድን ናት?”

እማ ሳቀች። ሳቋን የማስታውሰው የዚያን ቀን ነው። “ገና ምንም አይደለችም። ሰማንያዋ ይድረስ፣ ያኔ ሰው ትሆናለች” አለችኝ።

እኔ ደግሞ ነገር እንደተነገረኝ የምይዝ ልጅ ነበርኩ። እማ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቄ ሚጡን ገልጬ አየኋት። ቅቤና ወተት ትሸታለች፤ ሆዷ ይሞቃል፤ ጣቴን ይዛ አልለቅም አለች። ምንም ያልሆነ ነገር እንዲህ ጣት አጥብቆ ይይዛል ወይ ብዬ ግራ ገባኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከበሩ ጀርባ ባለው ጭቃ ግድግዳ ላይ በየማለዳው በጥፍሬ አንድ አንድ መስመር መጫር ጀመርኩ፤ ያለፉትንም እማን ጠይቄ ሞላሁ። ሰው የምትሆንበት ቀን እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው።

አባ ይሁኔን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ጥምጥማቸው ነው። ነጭ፣ ትልቅ፣ ሁልጊዜ እንደታጠበ። ጥቁር ጃንጥላቸውን በብብታቸው ይዘው፣ መስቀላቸውን በመሐረብ ጠቅልለው በወር አንዴ ቤታችን ጠበል ሊረጩ ይመጣሉ። ድምፃቸው ወፍራም ነበር፤ ሲያሳርጉ ጣራው ላይ ያለው ጭራሮ የሚረግፍ ይመስለኛል። እኔን ክርስትና ያነሱኝም እሳቸው ናቸው፤ ወለተ ሥላሴ ያሉኝም እሳቸው ናቸው። ጥምጥሙ አብሯቸው የተወለደ ይመስለኝ ስለነበር፣ ከሥሩ እንደማንም ሰው ራስና ፀጉር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሚጡ ያመማት ዘመን መለወጫ ካለፈ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጉንፋን መሰለ። እማ ጤና ኬላ ወስዳት የሚጠጣ ሽሮፕ ሰጧት፤ “ካልተሻላት እንጅባራ ውሰጃት” አሏት። ለሁለት ቀን የተሻላት መሰለች። በሦስተኛው ቀን ጡት እምቢ አለች። ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል የጎድን አጥንቶቿ መሐል ጎድጎድ ይል ነበር። እማ ለሰው አልተናገረችም። “ልጅ ታመመ ተብሎ አይወራም፤ የሰው ዐይን አንድ አይደለም” ትለኛለች። ሁለቱ የወረዱባት በሰው ዐይን ነው ብላ ታምን ነበር። “ማንም ቢጠይቅሽ ደህና ናት በይ። ወዴት ነሽ ቢሉሽም ሌላ ነገር በይ። ትንፍሽ እንዳትይ!” ብላ ጆሮዬን ቆንጥጣ አስጠንቅቃኛለች።

መስመሬ ሰባ አንድ ደርሶ ነበር። ከምሳ በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል እማ ሚጡን ታቅፋ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ እንዳለች ፊቷ ተለወጠ። የሚጡ ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል። እማ ስልኳን አንስታ ለአባ ይሁኔ ደወለች፤ አይሠራም። ደግማ ደወለች። ኔትወርክ ፍለጋ እስከ ደጅ ወጥታ ደወለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

“ሩጪ። አባ ይሁኔን ጥሪልኝ። ሳይመሽ፣ ሳትሄድብኝ ክርስትና ያንሷት። ‘እማ ባስቸኳይ ብላለች’ በያቸው፤ እሳቸው ይገባቸዋል። ለሌላ ሰው ግን...”

“አላወራም” አልኳት።

የዝናብ ገሳዬን ጭንቅላቴ ላይ ደፍቼ ወጣሁ። ገሳው የአባቴ ስለነበር እስከ አፍንጫዬ ሸፍኖኛል፤ የማየው እግሬንና ጭቃውን ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከኮረብታው ላይ ነው፤ መንገዱ የግራሩን ደን ሰንጥቆ ይወጣል። ደኑ መሐል ስደርስ ጭሱ ጉሮሮዬን ያዘኝና ቀና ስል አንድ ሰው አየሁ። የሚጨሰው ክምር አጠገብ ቆሞ በአካፋ አፈር ይመልስበታል። ከራስ እስከ እግሩ ጥቁር ነው። ዝናቡን ለመከላከል የማዳበሪያ ከረጢት አናቱ ላይ አድርጓል፤ አፍና አፍንጫውን በቡትቶ ጨርቅ አስሯል። የሚታየው ዐይኑ ብቻ ነው፤ እሱም በጭስ ቀልቷል።

“ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ? ወዴት ነው እንዲህ የሚያስሮጥሽ?” አለኝ። በጨርቁ ውስጥ የሚወጣው ድምፅ የታፈነና ሻካራ ነበር።

“ጨው ልገዛ ተልኬ ነው” አልኩት።

“በይ እንዳያዳልጥሽ፣ ቀስ በይ” አለኝና ወደ አካፋው ተመለሰ።

ሮጬ አለፍኩት። በራሴ ኮራሁ እንኳ፤ እማ እንዳለችኝ አደረግኩ፣ አልተናገርኩም።

ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ ነበር። ቄስ የሚኖረው ቤተ ክርስቲያን ስለሚመስለኝ ደጀ ሰላሙ ጣራ ሥር ቆሜ ጠበቅኩ። ለሠርክ ጸሎት መምጣታቸው አይቀርም ብዬ አሰብኩ። ጥምጥሙ ከኮረብታው ሥር ብቅ የሚልበትን ቦታ ዐይኔን ሳልነቅል አያለሁ። ምን ያህል እንደጠበቅኩ አላውቅም። ገሳዬ ላይ ያለው ውኃ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ፈራሁና ከኮረብታው ጀርባ ወዳለው ቤታቸው ወረድኩ። ባለቤታቸው በሩ ላይ ጎመን ትቀነጥስ ነበር።

“አባን ነው? ከሰል ላይ ናቸው እኮ። ግራሩ ውስጥ፣ መንገዱ ዳር። ሳታዪያቸው ነው ያለፍሽ?”

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ያን ያህል ሮጬ አላውቅም፤ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ስደርስ ሰውዬው ከረጢቱን አውልቆ ምንጩ ላይ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ይታጠባል። ራሱ መላጣ ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ ትንሽ ሽበት አለበት። ጨርቁ አንገቱ ላይ ወርዷል፤ ጢሙ የአባ ይሁኔ ጢም ነው።

“እማ ባስቸኳይ ብላለች” አልኳቸው።

እሳቸው አንድ ጊዜ አዩኝ። ገሳዬን አዩ፣ እግሬን አዩ። ከዛፉ ሥር ያለውን የጨርቅ ቦርሳቸውን ብድግ አድርገው ባዶ ራሳቸውን ወደ ቤታችን ሮጡ። ሽማግሌ ሰው እንደዚያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። ልደርስባቸው አልቻልኩም።

ስደርስ እማ በሩ ላይ ቆማለች። አላለቀሰችም። ሚጡን በነጩ ሻሽ ጠቅልላ ይዛታለች። አባ ይሁኔ ከሷ ሁለት ክንድ ርቀው ቆመው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ግማሽ ፊታቸው ታጥቧል፣ ግማሹ ጥቁር ነው።

“አሁን ነው” አለች እማ። “አሁን ገና። እጇ እንኳ አልበረደም። አባ፣ የት ነበሩ?”

አባ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እግራቸውን አየሁ። ጫማቸውን ምንጩ ላይ ትተውት መጥተዋል።

“ከሰል ላይ ነበርኩ” አሉ።

“ከሰል ላይ” አለች እማ። “ልጄ እዚህ ስትሞት እርስዎ ከሰል ላይ። ስልክዎስ?”

“ጠፍቶ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው” አሉ። በዚያው አቀረቀሩ።

እማ ወደ ውስጥ ገብታ ከሚስማሩ ላይ ማተቡን አውርዳ መጣች። ሚጡ አንገት ላይ ልታስርላት ስትል አባ ይሁኔ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት። “አይሆንም፣ ልጄ” አሉ ቀስ ብለው። “ማተብ የተጠመቀ ነው የሚያስረው።” እማ ማተቡን ይዛ ቆመች። እሷን እንደዚያ ቆማ ሳያት፣ ሚጡ “ገና ምንም አይደለችም” የተባለው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ሳይመሽ ቀበሯት። ፍታት የለም፣ ደወል የለም። ቅጽሩ ውስጥም አይሆንም ተባለ፤ ከአጥሩ ውጭ ጽድ ሥር ጎረቤታችን ጋሽ ምናለ ቆፈረ። አባ ይሁኔ አፈሩን በእጃቸው መለሱ። እማ ቤት ቀረች፤ ሰማንያዋ ስላልሞላ እዚያ መውጣት አትችልም። ልጇ የት እንደተቀበረች የነገርኳት እኔ ነኝ፤ “ከአጥሩ ውጭ፣ ግን አጥሩ ጥግ ነው” አልኳት። እማ “አጥሩ ጥግ” አለች።

ለጨቅላ ድንኳን አይተከልም። ሰው ይመጣል፣ ትንሽ ይቀመጣል፣ “እግዜር ሌላ ይስጥሽ” ይላል፣ ይሄዳል። አንዷ “እንኳን ሳትለምጂያት” አለቻት። አሮጊቷ ጎረቤታችን እማማ ጥሩ ብቻ ቁጭ ብለው በአውኝኛ እያንጎራጎሩ አለቀሱላት፤ ግማሹ አልገባኝም፣ ግን ለቅሶ መሆኑ ይገባል። የእማ ጡት አልደረቀም። ወተቱ ቀሚሷን ሁለት ቦታ እያረጠበው ትቀመጣለች፤ እኔ ሳይ ነጠላዋን ትሰበስባለች። አባቴ በአምስተኛው ቀን ከመተከል መጣ። ጠቁሯል፣ ከስቷል፤ ለሚጡ ያመጣላት ትንሽ ቀይ ኮፍያ ነበር። “የእግዜር ፈቃድ ነው” አላት።

“እግዜር ሰማንያ ቀን የሚቆጥር ከሆነ ሰባ አንዱስ የት ገባ?” አለችው እማ። አባቴ ወጥቶ አጥር ሲያጠብቅ ዋለ።

አባ ይሁኔ በቀብሩ ማግስት መጡ። እማ በሩን ዘጋችባቸው። መስቀላቸውን ልሳለም ብዬ ስነሳ “ቁጭ በይ” አለችኝ። በሚቀጥለውም ቀን መጡ፤ ዘጋች። ከዚያ ወዲያ በር ማንኳኳቱን ተዉት። ከሰዓት በኋላ ይመጡና አጥራችን ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን አውጥተው ዝግ ባለ ድምፅ ይደግማሉ፤ ሲጨርሱ ከድንጋዩ ተነሥተው አቧራቸውን አራግፈው ይሄዳሉ። ዝናብ ሲሆን በጃንጥላ ሥር ይደግማሉ። እማ በሩን ትዘጋለች፤ መስኮቱን ግን አልዘጋችውም። አንድ ቀን ዘገዩ። እማ ሽሮ እያማሰለች ሁለት ጊዜ በመስኮቱ አየች። ሲመጡ “ማን መጣ?” ብላ እንዳላወቀች ሆና ጠየቀችኝ። “አባ ናቸው” አልኳት። “ይምጡ፣ የራሳቸው ጉዳይ” አለች።

ያን ሰሞን እንቅልፌ ጠፍቶ፣ መብል አልወርድ ብሎኝ ከሳሁ። እማ ለእህቴ ያዘንኩ መስሏታል። አዝኛለሁም፤ ግን ሐዘን ብቻ አልነበረም። መስመሩን መጫር አልተውኩም። ሰባ ሁለት፣ ሰባ ሦስት። ሰማንያው እስኪሞላ እግዜር ነገሩን ያልዘጋው ይመስለኝ ነበር። የመስቀል ለት ሰው ሁሉ ደመራ ላይ ሲሆን ከቤተ ክርስቲያኑ ጠበል በሃይላንድ ጠርሙስ ቀዳሁና በአጥሩ ዙሪያ ሄድኩ። ጽዱ ሥር ያለችው ትንሽ ጉብታ ላይ ሣር አልበቀለም። ጠበሉን ሦስት ጊዜ አፈሰስኩ። “በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ” አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቀውም። አፈሩ ጠበሉን መጠጠው። እስክትደርስ ስንት ክንድ እንደሆነ እያሰላሁ ጠርሙሱን እስከ ጠብታው አራገፍኩት።

ቀና ስል አባ ይሁኔ አጥሩን ተደግፈው ያዩኛል። የሚቆጡኝ መስሎኝ ጠርሙሱን ከጀርባዬ ደበቅኩት።

“ይደርሳት ይሆን አባ?”

መጥተው አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ። “እንጃ ልጄ” አሉ። “መጽሐፉ ለሞተ ጥምቀት የለም ይላል። እኔም ማታ ማታ እጠይቀዋለሁ። እስካሁን አልመለሰልኝም።”

ቄስ “እንጃ” ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ጨው ልገዛ ነው ያልኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። እማ አታውሪ ስላለችኝ ነው፣ ፊትዎን ስላላወቅኩት ነው፣ ጥምጥም ስላላደረጉ ነው አልኳቸው።

“አውቃለሁ” አሉ። “ገሳሽን ምንጩ ላይ ሳየው አወቅኩ። ድምፅሽን መለየት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ያጠመቅኩሽ እኔ አይደለሁ? ግን ጆሮዬ ከሰሉ ላይ ነበር።”

“ለእማ ልንገራት?”

“አሁን አትንገሪያት። የቀረሽላት አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺን መጥላት ከመጣባት ሁለት ልጅ ቀበረች ማለት ነው። እኔን ትጥላኝ፣ እኔ ትከሻ አለኝ። ሸክሙን ለኔ ተዪው። ስታድጊ፣ ልቧ ሲጠና፣ ያኔ አንቺው ታወርጅልኛለሽ።”

“እሺ” አልኩ። መስቀሉን ተሳለምኩ። ቃል መግባት ቀላል ነው በዚያ ዕድሜ።

ሰማንያኛው ቀን እሑድ ዋለ። አባቴ “አትሂጂ፣ ልጅ ሳትይዢ ምን ልትሆኚ ነው?” አላት። “ሕጉ ሰማንያ አይደል? ልጨርሰው” አለች። ልብሷን አጥባ ነበር። ስትወጣ ክንዷን ልጅ እንደያዘ ሰው አጥፋው ነበር፤ መንገድ ላይ ነው ትዝ ብሏት የፈታችው። የቅጽሩ በር ጋ ስንደርስ ሌላ እናት ወንድ ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ቆማለች፤ ልጁ ያለቅሳል። እማ ከሷ ኋላ ባዶ እጇን ተሰለፈች። አባ ይሁኔ ጸሎቱን ሲያደርሱላት መሬት መሬት ታያለች። ቅዳሴ አልቆ ሰው መስቀል ሲሳለም እማ በአጠገባቸው አለፈች፤ አልተሳለመችም። ሰው ሁሉ አየ። ሹክሹክታ ሆነ፤ “ለከሰል ብለው ነው አሉ” ሲባል ሰማሁ።

የሞተበት ሰው ለዲያቆኑ የሟቹን ስም እየሰጠ ነበር። እማም ጠጋ ብላ በጆሮው ነገረችው። ዲያቆኑ ጽፎ ወረቀቱን ለአባ ሰጠ። አባ ይሁኔ ማንበብ ጀመሩ፤ ገብረ ማርያም፣ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ወለተ ሐና። አንድ ስም ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወረቀቱን ወደ ዐይናቸው አስጠጉት። ከዚያ ቀና ብለው በሰዉ መሐል እኔን ፈለጉኝ።

“ነፍሰ አመትከ ወለተ ሥላሴ” አሉ።

የኔ ስም ነው። ሌላ ወለተ ሥላሴ እኛ ቤት የለም። እጄን አየሁት፤ አለ። እማ አጠገቤ ቆማ ዐይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አወቀች አልኩ በልቤ። አባ ነግረዋት ይሆን፣ ወይ እግዜር ነግሯት ይሆን፣ አወቀችና ከሙታን ጋር አስጠራችኝ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሴቶች ደግፈው አወጡኝ፤ “ልጅቱ ሳትበላ ነው የመጣችው” ተባባሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ግራሩ ውስጥ ነው የጠየቅኳት። የአባ ክምር ቀዝቅዞ አፈሩ ተደርምሷል፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አልነኩትም ነበር።

“እማ፣ እኔ ሞቻለሁ?”

ቆመች። ፊቷ ላይ ያየሁት ድንጋጤ እስካሁን አይረሳኝም። “ምን ማለትሽ ነው? ክፉ አይንካሽ!” ከዚያ ገባት። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ፊቴን ያዘችኝ፤ መዳፏ ቀዝቃዛ ነበር። “የክርስትና ስም ስላልነበራት ነው፣ ልጄ። ስም የሌላትን ማን ብለው ይጠሯታል? ሌላ ዘመድ የለኝ፣ ያንቺን አዋስኳት። እህትሽ አይደለች? ካለሽ ላይ ብታካፍይ ምን ይጎድልብሻል?”

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ፊቷ ፊቴ ጋ ነበር፤ ድምፅ እንኳ አያስፈልግም ነበር። “ምንም” አልኳት። ቤት ስንደርስ ከበሩ ጀርባ ሄጄ ሰማንያኛውን መስመር ጫርኩና ጣቴ ደማ።

እማ በየዓመቱ ሚጡ በሞተችበት ቀን ያን ስም ታስጠራለች። ከአባ ይሁኔ በቀር የማን እንደሆነ የሚያውቅ ቄስ አልነበረም። የንስሐ አባቷንም ቀየረች። አባ ከሰል ማክሰል ትተው ግራራቸውን ለወንድማቸው ሰጡ፤ እስኪሞቱ ድረስ አንዳንድ ሰው በአጠገባቸው ሲያልፍ ጭስ እንደያዘው ሆኖ ያስላል። ለበዓል ስመጣ መንገድ ላይ ያገኙኛል። መስቀላቸውን ያሳልሙኝና ትንሽ ያቆዩታል፣ ፊቴን ያዩታል። አንድም ቀን “አደግሽ?” ብለው አልጠየቁኝም። እኔም ለዛሬ አይሆንም፣ ለፋሲካ፣ እማ ደሟ ከፍ ብሏል፣ ለጥምቀት እያልኩ ከረምኩ። ከዚያ አንድ ማለዳ ተደወለልኝ።

አርባቸው ላይ እማና እኔ ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጥን። የመጣሁት ልነግራት ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ቃሉን እየደጋገምኩ ነበር የመጣሁት፤ ጨው ልገዛ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ። ጸበል ጻዲቁ ተነስቶ የሳቸው ስም ሲጠራ ሰው ሁሉ “እግዜር ይፍታቸው” አለ። እማ አላለችም። ማሰሪያው የላላ ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

“ሰው ይፍታቸው ይላል። እኔስ አቃተኝ፣ ልጄ። ይኸው ሞቱም፣ አቃተኝ። ከዚያ ከሰላቸው ቀና ብለው ቢሆን ኖሮ...” አልጨረሰችውም። እጄን ፈልጋ ያዘችኝ። “አንቺ ባትኖሪልኝ ምን እሆን ነበር?”

ከድንኳኑ ጀርባ ለድግሱ ከሰል ተያይዞ ነበር፤ ነፋሱ ወደ እኛ አመጣው። አፌን ከፈትኩ። እማ ቀና ብላ አየችኝ።

“ምነው፣ ዐይንሽን ምን ሆንሽ?” አለችኝ።

“ጭሱ ነው እማ” አልኳት።